የበረዶ ዋጋ

አንደኛ ዓመት ላይ፣ ግሮኒንገን ከተማ፣
ቴርፕስትራ መምህራችን፣ ሱፍ ለብሶ በሸራ ጫማ፣
ሰሌዳው ላይ ክብ ሣለ። «ኳስ ነው» አልን።
«ሳንቲም ነው» አለን እሱ። ሣቅን። ጻፍን።

ማታ ለአያቴ ደወልኩ። ዳውወ ላም አላቢ ነው፣
ባለ ስለት ጫማውን በበረት በር የሰቀለው፣
ፍሪስላንድ ውስጥ ቦዩ እስኪረጋ የሚጠብቅ፣
ውርጭን እንደ እንግዳ በመስኮት የሚናፍቅ።
«ምንድን ነበር የምትማሪው?» ይላል ደጋግሞ።
«የስፖርት ንግድ አመራር» ስለው፣ ዝም ብሎ ቆሞ
(በስልክም ያስታውቃል ሰው ቆሞ ሲያስብ)
«ስፖርት እንደ ወተት ነው እንዴ፣ የሚታለብ?»

የሁለት አገር ዲግሪ ነው፤ ማኅተሙም ሁለት፤
ግማሹ በዝናብ አገር፣ ግማሹ ጨለማ ካለበት።
ሦስተኛው ዓመት ሲገባ ሻንጣዬን አሰርኩ፤
በአውሮፕላን፣ በባቡር፣ ታምፔሬ ደረስኩ።

ኅዳር ነው። ፀሐይዋ አርፍዳ እየመጣች፣
እንደ ሰነፍ ተማሪ ቀድማ እየወጣች፤
ሐይቁ ጥቁር፣ ጣሪያው ነጭ፤ ቋንቋቸውም ረጅም፤
የፌርማታ ስም አንብቤ ሳልጨርስ፣ አውቶቡሱ አይጠብቅም።

የሥራ ልምምዴ የበረዶ ሆኪ ክለብ፤
ሥራዬ ባዶ ወንበር መቁጠር፣ በቀለም መመደብ።
ጨዋታ አላይም፤ ጀርባዬን ለሜዳው ሰጥቼ፣
ያልመጣውን ሰው እቆጥራለሁ፣ በሌለበት አይቼ።
አለቃዬ ታኔሊ በረኛ ነበር በልጅነቱ፤
ሁለቴ ተሰፍቶ ነው ያስቀረው ጉልበቱ።
ሕዝብ በጎል ሲነሣ፣ እሱ ሰዓት ያያል፤
«ቋሊማው ስንት ተሸጠ?» ብሎ ይጠይቀኛል።
በጨዋታ ጌታ አይቆጣም የሚል ሰው ቢኖር፣
የክለባችንን ጌታ ባሳየሁት ነበር፤
ቡድኑ አሸንፎ እንኳ ይቆጣል፣ ወንበሩ ካልተሸጠ፤
ባለፈው ስድስት ለባዶ ረታን፤ እሱ ኮቱን ይዞ አመለጠ።

አንድ ሌሊት፣ ሁሉም ሄዶ፣ ግማሹ መብራት ጠፍቶ፣
ኦይቫ፣ የማሽኑ ነጂ፣ ወደ ሜዳው ገብቶ
የቆሰለውን በረዶ እንደ ብራና ሲፍቅ፣
ተማሪ ነኝና፣ ልማዴ ነውና ዋጋ መጠየቅ፣
«ይህ በረዶ ለአንድ ሌሊት ስንት ያወጣል?» አልኩት።
ነገረኝ። ቁጥሩን ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። እዚህ ግን ተውኩት።
«ያኛውስ?» አለኝ፣ በጣቱ ወደ ሐይቁ እያሳየ፤
«ያኛው ስንት ያወጣል?» ሣቀ፤ ዓይኔን አየ።

የመመረቂያ ጽሑፌን ያን ሌሊት ጀመርኩ፤ ርእሱም ይህ ነው፦
«ቀኑን ውርጭ የሚወስነው
የመንደር ውድድር፤ የገቢ ጥናት»።
ፈታኞቼ ሁለት፤ አንዱ በስክሪን፣ ሌላዋ ፊት ለፊት።
«ስፖንሰር ቀን ይፈልጋል» አለ ቴርፕስትራ ከማዶ።
«ቀን የለም» አልኩት፤ «ያለው ተስፋና በረዶ።»
ወይዘሮ ሄልቪ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፤
«በረዶው ባይመጣስ?» አለች።

ያን ጊዜ እሽጉን ፈታሁ።

ጥር ላይ ነበር በፖስታ ከአያቴ የመጣው፤
የመንደሩ የበረዶ ማኅበር መዝገብ፣ ጀርባው የተላጠው።
ለካ አርባ ዓመት ገንዘብ ያዥ ኖሯል፣ አንድ ቀን ሳይነግረኝ
(ወተት ነው እንዴ ብሎ የቀለደብኝ!)
አነበብኩላቸው፦
«ገመድ። መሰላል። ፋኖስ ሁለት።
የአተር ሾርባ ለሰባ ሰው፤ ሕፃናት በነፃ ይጠጡት።
ትርፍ፦ አሥራ አንድ ጊልደር።»
ቀጣዩ ገጽ፦ «በረዶ የለም። ሂሳቡ ለከርሞ ይተላለፍ።»
ቀጣዩ፦ «በረዶ የለም። ይተላለፍ።»
ቀጣዩ፦ «የለም። ይተላለፍ።»
እጁ እየደከመ መሄዱ በፊደሉ ያስታውቃል፤
ጊልደሩም ከገበያ ወጥቶ በሌላ ገንዘብ ተተክቷል፤
አሥራ አንዱ ግን ሳይነካ ከዓመት ዓመት ያልፋል።

ከአሥር ሰባት ሰጠኝ አንዱ አገር፤ ሌላው ከአምስት አራት።
«የገቢው ትንበያ ደካማ ነው» ይላል ከግርጌ አስተያየት።

መዝገቡ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ ከላፕቶፑ ጎን።
በመጨረሻው ገጽ የዘንድሮን ዓመት ጽፎ፣
መስመር አስምሮ፣ ሌላውን ባዶ ትቶታል።
እርሳሱንም አብሮ ልኮታል፤
ጫፉ ተቀርጿል።